ከደምቢያ ሜዳ እስከ ዲግሪው ገበያ፦ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ማንን ያስከፍላል? ለማንስ ይከፍላል?

ወጣት የሙያ ባልደረቦቻችን በሻይ ሰዓት ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ መማር ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በደመወዝ ይለካል። ስንት ዓመት ይወስዳል? ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት ሥራ ይገኛል? ከስፔሻሊቲ ትምህርት ጋር ሲነጻጸር የትኛው ይሻላል? ጥያቄው የዛሬ ቢመስልም በአገራችን ሰባ ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። መጀመሪያ የተነሣውም በአዲስ አበባ ሳይሆን በጣና ዳርቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ታሪክ በማስታወስ ሒሳቡን ከደመወዙ ባሻገር ማየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል አሳስባለሁ።

ጥያቄው ለእኔ የቀረበልኝ ከሕክምና ትምህርት ቤት ወጥቼ በተመደብኩባት በደልጊ ነበር። ደልጊ በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ ከባሕር ዳር ተነሥታ በየወደቡ እየቆመች ወደ ጎርጎራ የምታልፈው መርከብ ደልጊንም ትነካ ነበር። በመሳቢያዬ ውስጥ ሁለት የማመልከቻ ቅጾች ነበሩ፤ አንዱ ለስፔሻሊቲ፣ ሌላው ለኅብረተሰብ ጤና። ሁለቱንም ለወራት ሳልሞላ አስቀምጫቸዋለሁ።

በዚሁ ወቅት ለደም ግፊት ክትትል የሚመላለሱ አንድ አዛውንት ነበሩ። በወጣትነታቸው በጎንደር ኮሌጅ የሠለጠኑ ጤና መኮንን መሆናቸውን ያወቅሁት የመድኃኒቱን መጠን ከእኔ ቀድመው ሲናገሩ ነው። ቅጾቹን ባጫወትኳቸው ጊዜ ጥቂት ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ እኛም ይህንኑ ስንቆጥር ነው ዕድሜያችን ያለቀው» አሉኝ። የጎንደርን ኮሌጅ ታሪክ መፈላለግ የጀመርኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ከደልጊ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ሐይቁን ተከትሎ የደምቢያ ሜዳ ይዘረጋል። በ1953 በዚህ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ በመሆኑ በአካባቢው ወባ ዓመቱን ሙሉ ጸንቶ የሚኖር በሽታ አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲያቁር ከመስከረም ጀምሮ ይነሣል፣ በበጋው ይበርዳል። በዚህም ምክንያት ሕዝቡ በቂ የመከላከል አቅም አያዳብርም። ዝናቡና ሙቀቱ በተገጣጠሙ ዓመታት በሽታው ሕፃን ከአዋቂ ሳይለይ ይጥላል፤ በቆላው አገር ሕፃናትን እየለየ የሚጎዳው ወባ እዚህ ላይ ገበሬውን ከነአዝመራው ያስቀራል። የደምቢያው እልቂት ካለፈ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ተመሳሳይ ወረርሽኝ በአገሪቱ ሰፊ የደጋ ጠርዝ ላይ ተነሥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ በጊዜው ያጠኑት ሊቃውንት ገምተዋል።

በዚያን ዘመን ኢትዮጵያ የራሷ የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበራትም። የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ የሚሠሩትም በትልልቅ ከተሞች ነበር። የደምቢያውን ሕዝብ በሐኪም ብዛት ማዳን እንደማይቻል ግልጽ ሆነ። በ1954 በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም የጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ትብብር የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የኮሌጁ አሳብ በቡድን የሚሠራ ባለሙያ ማፍራት ነበር። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ግቢ ተምረው፣ በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው ተለማምደው፣ 50,000 ለሚሆን ሕዝብ አንድ ጤና ጣቢያ ይዘው እንዲያገለግሉ ታሰበ። ከመለማመጃ ጣቢያዎቹ አንዱ በራሱ በደምቢያ፣ ቆላ ድባ ነበር። ተማሪዎቹ ከደልጊ ብዙም በማይርቅ መንደር ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ሲያደርቁ፣ ሽንት ቤት ሲያስቆፍሩ፣ እናቶችን ሲከተቡና ሲያዋልዱ ይውሉ ነበር።

አዛውንቱ ስለዚህ ዘመን ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። «ከክፍል ይልቅ በቅሎ ላይ ተቀምጠን የተማርነው ይበልጣል» ይሉ ነበር። ሳኒታሪያን ጓደኛቸው የመንደሩን ምንጭ ሲያጥር፣ ነርሷ ቤት ለቤት ስትዞር፣ እርሳቸው ደግሞ ተመላላሽ በሽተኛ አይተው ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ለክትባት ሲወጡ፣ ማን የማን አለቃ እንደሆነ አይታወቅም ነበር ብለውኛል። (እዚህ ላይ ትንሽ እንዳሳመሩት እጠረጥራለሁ። ነርሷን ብንጠይቅ ሌላ ትል ይሆናል።)

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ያ ዲግሪ ምን ያስከፍል ነበር? በገንዘብ ረገድ ተማሪው የሚከፍለው አልነበረም፤ ወጪው የመንግሥትና የለጋሾች ነበር። የሦስት ዓመት ትምህርትና የአንድ ዓመት የተግባር ልምምድ ጨርሶ በኅብረተሰብ ጤና የመጀመሪያ ዲግሪ ይይዛል። በዚያን ጊዜ ዲግሪ ያለው ኢትዮጵያዊ ስንት ነበር? ለገበሬ ልጅ ይህ ትልቅ ደረጃ ነው። ሆኖም ክፍያው ከምረቃ በኋላ ይመጣል። ጤና መኮንኑ ወደ ወረዳ ይሄዳል፤ በዚያም ያክማል፣ ያዋልዳል፣ ሬሳ ይመረምራል፣ በፍርድ ቤት ይመሰክራል፣ በጀት ይጠይቃል። የሐኪምን ሥራ ይሠራል እንጂ ሐኪም አይባልም። ከጤና ጣቢያ ኃላፊነት በላይ የሚወጣበት መሰላል ደግሞ አጭር ነበር።

ኮሌጁ በ1961 በተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ። በ1964 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ፋኩልቲ በአዲስ አበባ ተከፈተ። ይህ ለአገሪቱ ታላቅ ዕድል ነበር፤ ለጎንደሩ ምሩቅ ግን ሒሳቡን ለወጠው። ከዚያ በፊት የሚወዳደረው ከውጭ አገር ሐኪም ጋር ስለነበር ማንም አያወዳድረውም ነበር። ከዚያ በኋላ አብሮት ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ጓደኛው ዶክተር ተብሎ በከተማ ሲቀመጥ ማየት ጀመረ። ብዙ ጤና መኮንኖች ወደ ሕክምና ትምህርት ተሻገሩ፣ ሌሎች ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ሄዱ። በዚህ መንገድ ካለፉት መካከል በኋላ የአገሪቱን የጤና ትምህርት የመሩ ሰዎች ይገኛሉ። በግል ሒሳባቸው አተረፉ። ወረዳው ግን የሠለጠነለትን ሰው አጣ።

አዛውንቱ ለሕክምና ትምህርት ያመለከቱት ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛውን ጊዜ ቦታ የለም ተባሉ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ደግሞ የሚተካዎት ሰው የለም ተብለው ቀሩ። «የመጀመሪያውን ረስቼዋለሁ፣ ሁለተኛውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የሚተካኝ አለመኖሩ የእኔ ጥፋት ነበር?» ብለውኛል።

ይህ መከፋፈል የእኛ ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ መጥቀስ ይገባል። በአሜሪካ አብርሃም ፍሌክስነር በ1910 ባወጣው ዘገባ የሕክምና ትምህርት በቤተ ሙከራና በሆስፒታል አልጋ ዙሪያ እንዲጠናከር አደረገ። በ1915 ዊልያም ዌልችና ዊክሊፍ ሮዝ ለሮክፌለር ተቋም ባቀረቡት ዘገባ ደግሞ የኅብረተሰብ ጤና ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት እንዲኖረው ተመከረ፤ በዚያው መሠረት የጆንስ ሆፕኪንስ ትምህርት ቤት በ1916 ተቋቋመ። በሽተኛውን የሚያየውና ሕዝቡን የሚያየው ሙያ ከዚያ በኋላ በሁለት ሕንፃ ተቀመጡ። የጎንደሩ ኮሌጅ ድፍረት ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ለማዋሐድ መሞከሩ ነበር። ያልታሰበበት ነገር ያ አንድ ሰው በአርባ ዓመቱ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ከዚያው ከጆንስ ሆፕኪንስ ትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ አንድ የአገራችን ታሪክ እዚህ ላይ ባነሣ አንባቢ አይቀየመኝም ብዬ አምናለሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በዚያ ትምህርት ቤት ተምረው በ1964 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። በዚያው ዓመት በዓድዋ የቢልሃርዚያን ሥርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው እንደሚገኙ አስተዋሉ። እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በጥናት አረጋገጡ፤ በ1966ም በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ግኝቱ በዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ ተቀባይነት ለማግኘት እጅግ ረጅም ዓመታት ወሰደበት። እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው። እኔ በደልጊ ስሠራ በጣና ዳር ውኃ ውስጥ የሚውሉ ልጆችን በቢልሃርዚያ ሳክም የእንዶዱ ታሪክ ደጋግሞ ይመጣብኝ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት የጠበቀ ዲግሪ በየትኛው የደመወዝ እርከን ይጻፋል?

በ1978 የጎንደሩ ኮሌጅ በላይፕዚግ ከሚገኘው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ዶክተሮችን ማሠልጠን ጀመረ፤ የጤና መኮንኖች ሥልጠናም ተቋረጠ። ውሳኔው የራሱ ምክንያት ነበረው፣ አገሪቱ ሐኪም ትፈልግ ነበር። እኔም ሐኪም ሆኜ የወጣሁት እንዲህ ያሉ ውሳኔዎች በከፈቱት በር ነው፤ ስለዚህ ለመውቀስ አፌ አይደፍርም። ነገር ግን የወረዳውን ሥራ የሚሠራ ባለሙያ ማሠልጠን ለብዙ ዓመታት ቀረ። ሥልጠናው በጅማና በጎንደር እንደገና የጀመረው በ1990ዎቹ ነው። በ2005 ደግሞ በተፋጠነ መርሐ ግብር በሺህ የሚቆጠሩ ጤና መኮንኖችን ለማፍራት ዘመቻ ተጀመረ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2003፣ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርም የድሮው ሳኒታሪያንና የኅብረተሰብ ነርስ ሥራ በሌላ ስም መመለሱ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የማስተርስ ዲግሪው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ክፍል በ1984 ተጀመረ። ይህኛው ትምህርት ከጎንደሩ የሚለየው በወረዳ የሚሠራ ሰው ለማፍራት ሳይሆን ቀድሞ የሠለጠነ ባለሙያ እንዲያጠና፣ እንዲያቅድና እንዲመራ የተዘጋጀ በመሆኑ ነው። ፍሬውን ማቃለል አይቻልም። በ1986 ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮጀክት ልደትና ሞትን ቤት ለቤት እየመዘገበ ለብዙ ተመራማሪዎች ትምህርት ቤት ሆኗል፤ የጎንደሩም ተቋም በዳባት ተመሳሳይ የምርምር ጣቢያ በ1996 አቋቁሟል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ማኅበር በ1989 ሲመሠረት ሙያው ራሱን የቻለ ድምፅ አገኘ።

ከ2002 የግሎባል ፈንድና ከ2003 የአሜሪካው የኤድስ ዕርዳታ ዕቅድ በኋላ ግን የዲግሪው ዋጋ የሚተመንበት ገበያ ተለወጠ። በኤች.አይ.ቪ.፣ በሳንባ ነቀርሳና በወባ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ማስተርስ ያለው ባለሙያ ፈለጉ፤ የሚከፍሉትም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በብዙ እጥፍ ነበር። ትምህርቱ በግል ተቋማት፣ በማታና በቅዳሜና እሑድ ተስፋፋ። ነርሱም፣ ጤና መኮንኑም፣ ሐኪሙም ተሰለፈ። ለጤና መኮንኑ በተለይ ይህ ዲግሪ አያቶቹ ያላገኙት መሰላል ሆኖለታል፤ በዚህ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ችግሩ መሰላሉ የተደገፈው ከወረዳው ውጪ ባለ ግድግዳ ላይ መሆኑ ነው። ያ ግድግዳም የራሳችን አልነበረም። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ዕርዳታ በድንገት ሲቋረጥ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል መቋረጡ ተዘግቧል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ በመንግሥት ተቋማት ያሉ ባልደረቦቻችን የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። ዛሬ ቅጽ በመሳቢያው የያዘ ወጣት ሐኪም ሒሳቡን የሚሠራው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ ነው።

ስለ ራሴ ሒሳብ ጥቂት ልናገር። በመጨረሻ የሞላሁት ቅጽ የኅብረተሰብ ጤናውን ነው። ደመወዜ አልተቋረጠም፤ ተመልሼ የማገለግልበት ዘመን ግን በውል ታሰረ። የዲዩቲ ክፍያና በእረፍት ቀን በግል ክሊኒክ የማገኘው ቀረ። ከዚያ የከበደው ግን የእጅ ሙያ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ቢላዋ ያልያዘ እጅ ቄሳራዊ ቀዶ ሕክምናን በድሮው ልብ አይጀምርም። ጓደኞቼ የውስጥ ደዌና የማሕፀን ሐኪሞች ሆነው ወጡ። በደመወዝ ረገድ ዲግሪው በሐኪምነት ደረጃዬ ላይ የጨመረልኝ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ስለ ጥቅሙ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። በትምህርቱ ላይ፣ ያለፉትን አምስት ዓመታት የሳምንት የወባ ቁጥር ወስዶ ለእያንዳንዱ ሳምንት የማስጠንቀቂያ ወሰን ማስመር ተማርን። በወረቀት ላይ በእርሳስ የሚሠራ፣ ኮምፒዩተር የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ከደረጃው የሦስተኛውን ሩብ ቁጥር ወስዶ ነጥብ ማድረግ፣ ነጥቦቹን ማገናኘት። ለልምምድ ያመጣሁት የደልጊን መዝገብ ነበር። መስመሩን ሳሰምር፣ እኔ እዚያ እያለሁ በነበረ በአንድ መኸር፣ የበሽተኛው ቁጥር ወሰኑን ያለፈው አልጋዎቻችን ከመሙላታቸው ከሦስት ሳምንት በፊት መሆኑን አየሁ። ያንን መዝገብ በየሳምንቱ የምፈርመው እኔ ነበርኩ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት መድኃኒት ማስመጣት፣ ርጭት መጠየቅ፣ በየቀበሌው ማስነገር ይቻል ነበር። የሕክምና ትምህርት ቤት አንድን በሽተኛ እንዳነብ አስተምሮኛል፤ መዝገብ ማንበብን ግን አላስተማረኝም። ይህን በማወቄ ሁለቱን ዓመታት አልቆጭባቸውም።

ስጨርስ ግን ወደ ደልጊ አልተመለስኩም። ውሌ ወደ ወረዳ ይመልሰኛል ብዬ ብጠብቅም፣ አንድ መሥሪያ ቤት ማስተርስ ያለው ሐኪም ወረዳ ላይ ምን ይሠራል ብሎ በጽሕፈት ቤት አስቀመጠኝ። እኔም አጥብቄ አልተከራከርኩም፤ በከተማ መኖር ለቤተሰቤ ይመች ነበርና። በደልጊ ቦታዬ ለስምንት ወራት ያህል ሐኪም አልነበረበትም። በእነዚያ ወራት እዚያው ሊታከም ይችል የነበረ ስንት ሰው ሪፈር ተጽፎለት ወደ ጎንደር እንደ ሄደ አላውቅም፤ ይህን የሚቆጥር መዝገብ የለም፣ ቢኖር ኖሮ አሁን ማንበብ እችል ነበር። ለትምህርቴ የወጣው ወጪ በሰነድ ተመዝግቧል። የስምንቱ ወር ወጪ በማንም ሰነድ ላይ የለም፤ የከፈለው የጣቁሳ ሕዝብ ነው።

በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በአገሪቱ ከሰባት ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል። ቁጥሩን ያነበብኩት በጽሕፈት ቤቴ ተቀምጬ ነው። አዛውንቱ በሕይወት ቢኖሩ ምን ይሉ እንደነበር አስቤያለሁ፤ ዜና ዕረፍታቸውን የሰማሁት ከደልጊ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት በሐይቁ ዳር በሌላ ወረዳ የሚሠራ አንድ ወጣት ሐኪም የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍለት መጣ። ደብዳቤውን ጻፍኩለት። ከዚያም በአንዲት ወረቀት ላይ ሁለት ነገር እንዲሞላ ጠየቅሁት፦ በአንደኛው መስመር ላይ በሌለበት ጊዜ ቦታውን የሚይዘውን ሰው ስም፣ በሁለተኛው ላይ ሲጨርስ ተመልሶ የሚሠራበትን ወረዳና የሥራ መደብ። ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ከተተና አመስግኖኝ ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ ደውሎልኝ ነበር። የመጀመሪያውን መስመር ሞልቶታል፤ አንዲት ሐኪም ተስማምታለች። ስለ ሁለተኛው ሦስት ጊዜ ወደሚመለከተው ክፍል ተመላልሷል፣ እስካሁን መልስ አላገኘም። ማመልከቻው የሚዘጋበት ቀን ደግሞ ደርሶበት ነበር።